ሬሳ የሌለበት ለቅሶ

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
መስከረም 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ የትነበርሽ፣

ጤንነቴን መጠየቅሽ አሳቀኝ። ከሞትኩ እኮ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም። እናንተስ እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት ክረምቱን እንዴት ቻለው?

ደብዳቤሽን ሽባባው ባለፈው ማክሰኞ፣ መርከባቸው ወደብ እንደገባች፣ በትራም ተሳፍሮ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። እንደዚህ ያለ መርከበኛ አይቼ አላውቅም፤ ራሱ ሻይ ሳይቀምስ የሰው አደራ ያደርሳል። ብቻ ፍተሻ ፈርቶ በጫማው ውስጥ ስለያዘው የመጨረሻው መስመር በላብ ጠፍቷል። "እማዬ ደግሞ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይነበብም። እማዬ ደግሞ ምን?

ሥራዬን ለጠየቅሽኝ፣ ቢሮ መጥረጉን ለሁለት ወር አስፈቅጄ ፊልም ላይ ገብቻለሁ። አትሳቂ! ያፕ የሚባል ሆላንዳዊ እዚሁ ወደባችን ላይ የወንጀል ፊልም ያነሳል። ዓለም ሁሉ በቀለም በሚሠራበት ዘመን ሰውዬው ጥቁርና ነጭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እኔ መብራት ክፍል ነኝ። ስኪዳም ውስጥ ድሮ አረቄ ይወጣበት የነበረ መጋዘን አለ፤ መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ጋርደን፣ ውጭ ቀትር ሆኖ እኛ ውስጥ ሌሊት እንሠራለን። ዝናብ በፊልም ላይ እንዲታይ ከጀርባው ማብራት እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ? ከፊት ካበራሽበት እየዘነበ አይታይም። ይህን የተማርኩት ዘ ሄግ ነው፤ መንግሥታችን በ1970 ዓ.ም. ከቴአትር ቤቱ መርጦ ልኮኝ። ለእሱ ሳይሆን ለያፕ ጠቀመ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኮርሱ አልቆ አልመለስም ባልኩ ጊዜ ቀበሌው በየቅዳሜው እየጠራ "የከዳ ወንድምሽን አምጪ፣ አለዚያ ቤታችሁ ይወረሳል" ሲልሽ፣ "በመኪና አደጋ ሞተ" ብለሽ መርዶዬን ያስነገርሽው አንቺ ነሽ። አልከፋኝም፤ ደግ አደረግሽ። ግን ውላችን ምን ነበር? እማዬ ለዓመት ታልቅስ፣ ነገሩ ሲበርድ ለብቻዋ ንገሪያት አልነበር? ጥር ሲመጣ ሦስት ዓመት ነው። እናቴ እኔ በሕይወት እያለሁ ከል ለብሳ ትሄዳለች። ነገርሻት ወይስ አልነገርሻትም? ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ሟቹ ወንድምሽ
አድማሴ

*

አዲስ አበባ
ጥቅምት 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ስም አትጻፍ ብዬህ ነበር፤ የአንተንም የእኔንም ጻፍክ። ደብዳቤህን ካነበብኩት በኋላ አቃጠልኩት፤ ደግሞ ሳቃጥለው አለቀስኩ። እንግዲህ ይቅር ልልህ ነው እንጂ ምን አደርጋለሁ።

አልነገርኳትም።

ለምን ብትለኝ፣ አንተ ለቅሶህ ላይ አልነበርክም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ ንፍሮ እየቃመ ፊታችንን ሲያነብ ነበር። የእኔን እንባ አላመነውም፤ ልክ ነበር፣ እኔ በሽንኩርት ነው ያለቀስኩት። ያሳመነችው እሷ ናት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ደረቷን ደቅታ ደቅታ በአራተኛው ቀን ክንዷን ማንሳት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠራኝ የለም፤ ቤቱም ቤታችን ነው።

አሁን ብነግራት ደስታዋን የት ትደብቀዋለች? የእማዬን ፊት ታውቀዋለህ፤ ሆዷ ያለው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። በማግሥቱ ከሏን አውልቃ ትወጣለች። ገበያ ሳትደርስ ሰፈሩ ያውቃል፤ ከዚያ ቤቱም ይሄዳል እኔም እሄዳለሁ። የመንግሥትን ሰው ሦስት ቀን ንፍሮ አብልቶ ያታለለ ሰው ምን እንደሚደረግ ልንገርህ?

የመጨረሻው መስመር ላይ የጻፍኩትን ላብ ወስዶታል፤ ይውሰደው። የሚያስደስት አልነበረም። ጉልበቷ ግን ደህና ነው፤ አሁን ለእግሯ የሱፍ ካልሲ አገኘሁላት።

አንተም አንድ ነገር መልስልኝ። ይህን ፊልም ማን ነው የሚያየው?

እህትህ

*

ሮተርዳም
ኅዳር 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

እታለም፣

ስም አልጻፍኩም፤ ይኸው ተማርኩ።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው ቀድሜ፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንቺ ደብቀሽ እኔ ደብቄ የት እንደርሳለን።

ፊልሙ ውስጥ የመጋዘን ዘበኛ አለ። ሱሪናማዊ ተዋናይ ነበር የተቀጠረለት። እነዚህ ሰዎች ጥቁር ፊት እንዴት እንደሚበራ አያውቁም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የሰውዬው ጥርስና ሸሚዝ ብቻ ነው የወጣው። እኔ ነኝ ያሳየኋቸው፤ ጉንጩን በትንሽ ቅባት ታብሺውና መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገሽ ታመጪዋለሽ። መብራቱ ሲለካ በሱ ፈንታ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው አምስተርዳም የተሻለ ሥራ አግኝቶ ጥሎን ሄደ። ያፕ ዞር ዞር አለና "አንተ ግባበት፤ ብርሃኑ ለምዶሃል" አለኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እታለም፣ አትቆጪኝ። እዚህ አገር ፊቴን ያየ ሰው የለም። ቢሮ ስጠርግ እግራቸውን ብድግ ያደርጉልኛል እንጂ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ኸሜንቴ የሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸው ሄጄ ወረፋ ስደርስ ወረቀቴን ነው የሚያዩት። አገር ቤት ደግሞ ሞቻለሁ። ካሜራው ግን ትክ ብሎ አየኝ። መናገሩ ያሳፍራል፤ ደስ አለኝ።

ማን ያየዋል ላልሽው፣ ዘ ሄግ ያሉት የመንግሥት ተማሪዎች ያዩት ይሆናል ብለሽ እንደምትሰጊ ገብቶኛል። እኔም ሰግቼ አስቤበታለሁ። መብራቱን የምተክለው ራሴ ስለሆንኩ ከባርኔጣዬ በታች ፊቴን ጨለማ አድርጌዋለሁ፤ ስሜም እንዳይጻፍ ነግሬያቸዋለሁ። ፊቴ የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዘበኛው ግድያ አይቷል፣ እንዳይመሰክር ገድለው ወደቡ ዳር፣ መርከብ የሚታሰርበት የድንጋይ መትከያ ላይ ይጥሉታል። እዚያ ላይ ባርኔጣ ላድርግ ብል ያፕ "የሞተ ሰው ባርኔጣው ይወድቃል" ብሎ እምቢ አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ በጀርባዬ ድንጋይ ላይ ተኝቼ ዋልኩ። ዝናቡን በቱቦ ይረጩብኛል፤ መብራቱ ሲዛነፍ እነሣና አስተካክላለሁ፣ ተመልሼ እሞታለሁ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ሞተ። የእኔን ታሪክ ቢያውቁ ከዚህም በላይ ይስቁ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስለ እማዬ የሱፍ ካልሲ ነገርሽኝ። ደስ ብሎኛል። የደበቅሽኝን ደግሞ አሁን ንገሪኝ።

ወንድምሽ

*

አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ስለ ፊልሙ የምለውን ሁሉ ጽፌ ቀደድኩት። ሞተህ የሚያስቅ ነገር ማግኘትህን ግን አልረሳልህም።

ንገሪኝ ካልክ እንግዲህ ስማ። እማዬ መሞትህን አታምንም።

ለሰው ከል ለብሳለች፣ ለተዝካርህ ጠላ ጠምቃለች፣ ሰው "እግዜር ያጥናሽ" ሲላት "አሜን" ትላለች። ለእኔ ለብቻዬ ግን "ሬሳውን ያላየሁት ልጅ አልሞተብኝም" ትለኛለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ትነሣለች፤ በዚያ ጉልበቷ። አውሮፕላን ሲያልፍ ደጅ ወጥታ ታያለች። ወጥ ስትሠራ በትንሿ ድስት ታስቀራለች፤ ለማን እንደሆነ አትናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። በላብ የጠፋብህ መስመር ይህ ነበር፤ ያኔ ጽፌልህ ወዲያው ተጸጽቼ ነበር።

በገና ማግሥት ፊቴን አትኩራ አይታ "አንቺ የምታውቂው ነገር የለም?" አለችኝ። የለም አልኳት። ድንኳን ተክዬ ከዋሸሁት ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል ከበደችኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ናዝሬት አክስታችን ጋ እወስዳታለሁ፤ ከሰፈሩ ዓይን ርቀን ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እዚያው አልቅሳ፣ ስቃ፣ ፊቷን አስተካክላ እንመለሳለን። በማርያም ይዤሃለሁ፣ እስከዚያ ምንም ነገር እንዳታደርግ።

እህትህ

*

ሮተርዳም
መጋቢት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እማዬ አውቃለች። ስለዚህ ልትቆጪኝ የምትችይው በደስታ መካከል ነው።

ጥያቄሽን ቀድሜ ልመልስ፤ አዎ፣ ማርያምን አንስተሽ ለምነሽኛል፣ አዎ፣ አንብቤዋለሁ። ግን አምናም ለፋሲካ ብለሽኝ ነበር፣ ካቻምናም ለፋሲካ። ፋሲካ ሲደርስ አንቺ አንድ ፍርሃት አታጪም። በፊት ያመነች መስሎኝ ነበር፤ ያመነ ሰው ሐዘኑ ቀስ በቀስ ይቀልለዋል ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሣች እንደሆነ እያወቅሁ ሁለት ወር ልተኛ? ይህችን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ትራም ላይ ጣቢያዬን እያለፍኩ ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፌን በሽባባው እጅ በቀጥታ ለእሷ ልኬያለሁ። ፊልሙ ተቆርጦ የሚገጣጠምበት አምስተርዳም ድረስ ሄጄ፣ የፊልሙን ፎቶ አንሺ ለምኜ ሁለት አሳተምኩ፤ አንዱ እኔው ዘንድ አለ። በሌላው ሁሉ ባርኔጣና ጥላ ነኝ፤ ፊቴ ጥርት ብሎ የሚታየው መትከያው ላይ በተኛሁበት ብቻ ነው። እንዴት እንዳማረ ብታዪው! የግንባሬ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል፤ በመቶ ሰው መካከል ብትሆን እኔ መሆኔን ትለያለች። ቢያዝም አደጋ እንዳይሆን ጀርባው ላይ አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ፎቶውን ይሰጣትና ጆሮዋ ላይ "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል" ይላታል፣ ይወጣል። በቃ።

ስለ ጎረቤት አትስጊ። ማንም እንዳያየው ገና ጎሕ ሲቀድ እንዲገባ ነግሬዋለሁ፤ ቀበሌው በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው።

ይቅር በይኝ፣ ደግሞም ደስ ይበልሽ። ሸክም ከትከሻሽ ወረደ።

ወንድምሽ

*

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። አንተ ያፈሰስከው የሚለቀም አይደለም።

እኔ አልነበርኩም። መሥሪያ ቤት ለአራት ቀን ናዝሬት ልኮኝ ነበር፤ በዚያው ለፋሲካ ስለሚሆነን ክፍል ከአክስታችን ጋር ስነጋገር ነበር። ስለዚህ የምጽፍልህ ሽባባው እያለቀሰ የነገረኝን ነው።

አንተ አምስት ዓመት ብቻ ነው የራቅከው። በዚህ አገር ጎሕ ሲቀድ በር የሚቆረቁር የማይታወቅ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ረሳኸው? መርዶ በስንት ሰዓት ነው የሚነገረው? እኔ ራሴ የአንተን የውሸቱን ያስነገርኩት በስንት ሰዓት ነበር?

ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሞ "እማማ ብዙወርቅ እርስዎ ነዎት?" ይላታል። "ከልጅዎ ዘንድ ነው የመጣሁት" ይልና ፎቶውን ይዘረጋላታል። ወደ መብራቱ አስጠግታ ታየዋለች። ዝናብ ላይ የተዘረረ ልጇን፣ ዓይኑ የተከደነ፣ አፉ ትንሽ ከፈት ያለ፣ ከነግንባሩ ጠባሳ። ከዚያ ወዲያ ሽባባው ያለውን አልሰማችም። ጮኸች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ ገባ፤ ከሁሉ ቀድማ የገባችው ይመኙሻል ናት፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ። ፎቶውን ከእማዬ እጅ ወስዳ አየችና ሽባባውን "ሬሳውን በዓይንህ አይተኸዋል?" ብላ ጠየቀችው።

ምን ይበል? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት "የለም፣ በሕይወት አለ" ይበል? "አዎ፣ አይቻለሁ" አለ። እንዳንታሰር ብሎ። እማዬ ይህን ሰማች።

የፎቶው ጥቁርና ነጭ መሆን እንግዳ አልሆነባቸውም፤ እዚህ የማንም ፎቶ እንዲሁ ነው። እንዴት እንዳማረ ለእኔ ጽፈህልኛል፤ እውነትህን ነው፣ ምንም እንከን የለበትም። እኔ እንኳ አውቄው ሳየው ያለ ሽንኩርት አለቀስኩ።

ስደርስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲወጣ በሩን ዘግቼ እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቀበሌውን፣ የውሸቱን መርዶ፣ ሽንኩርቱን፣ ፊልሙን። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ራሴን ደባበሰችኝና "አይዞሽ ልጄ፤ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነፍስሽን አትጉጂ" አለችኝ። ሽባባውን አምጥቼ አስማልኩላት። "አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ግን የመጀመሪያ ቀን ያልከው በራስህ አፍ ነው፣ ይኼ የልጄ ልመና ነው" አለችው። አንድ ጥያቄ ልላክለትና እሱ ብቻ የሚያውቀውን መልስ ያምጣልሽ ብላት፣ "ሙት አይፈተንም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሦስት ዓመት ሞቷል ስላት አላመነችኝም። አለ ስላት አላመነችኝም። እማዬ ዘንድ ከእንግዲህ አፍ የለኝም።

ላንተ የምለውም የለኝም።

እህትህ

*

ሮተርዳም
ግንቦት 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ አሥር ጊዜ ጀመርኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሽባባውም የአንቺም አይደለም። እግሬ ላይ ወድቆ ይቅር በለኝ ሲለኝ አብረን አለቀስን። እኔ ዘንድ የቀረውን ፎቶ አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ አሁንም ሳየው የሚታየኝ የጎን መብራቱና የዝናቡ አወራረድ ነው። በዚያች ድንጋይ ላይ ጀርባዬን ስለበረደኝ ስናደድ ትዝ ይለኛል። ሌላ ሰው ምን እንደሚያይ እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ። ሥራዬ አሳወረኝ ልበል?

"መጥተህ ቁምላት" ብለሽ አልጻፍሽም፣ ግን ልትጽፊ እንደነበር አውቃለሁ። ሽባባውንም ስለዚህ ነገር ጠይቀሽዋል። የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ነው፤ ከዚህ ቢያስወጣኝ እንኳ ቦሌ ላይ የሚቀበለኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔን ብቻ ቢሆን እሞክረው ነበር። እኔ ስያዝ ግን አንቺ ምን ያደረግሽ ሰው እንደሆንሽ ያውቃሉ።

ስለዚህ ድምፄን ልኬያለሁ። ካሴቱ ከላይ ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ እኔ እገባለሁ። አሰብ ላይ ፈታሾች ቢከፍቱት ብዬ ስለ ፎቶውም ስለ ለቅሶውም፣ ስለ ዓመተ ምሕረቱም አላነሣሁም። "እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ጤና ነኝ፣ አታስቢ፣ ፋሲካንም በደህና ዋልኩ" ብቻ ነው ያልኩት። ግን ድምፅ ነው እኮ። ሬሳ አይናገርም። በኮቴዬ የምታውቀኝ ሴት ድምፄን ሰምታ ልትጠራጠር አትችልም።

ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።

ወንድምሽ

*

አዲስ አበባ
ሐምሌ 28 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ። በሚያዝያ በጻፍኩልህ ቃል ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሽባባው "ደብዳቤሽን አንብቦ ሥራ አልገባም" ሲለኝ ተጸጸትኩ። ወንድሜ ነህ፤ የምቆጣበት ሌላ ሰው የለኝም።

ፊቷን ጠይቀኸኛል። እንደሆነው እጽፍልሃለሁ።

ቴፕ ተውሼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እስኪደበድብ ጠብቄ፣ በሩን ቆልፌ ከፈትኩላት። ሁለተኛው ዘፈን አለቀ፣ አንተ ገባህ። "እማዬ" ስትል ተነሣች። እጇን ቴፑ ላይ አድርጋ እንደቆመች አዳመጠችህ። ፊቷ በራ፣ እንደ ድሮው። እኔ "አየሽ? አየሽ እማዬ? ደህና ነኝ እያለሽ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ካሴቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና፣ "አዎ ልጄ። ሳይሞት በፊትማ ደህና ነበር" አለችኝ።

ፋሲካን ዋልኩ ይላል እኮ አልኳት። "ፋሲካ በየዓመቱ አለ" አለች። ድምፁን ያስቀረልኝ አምላክ ይመስገን ብላ ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

አሁን የምነግርህን በቁጣ አትውሰደው። እማዬ እንቅልፍ ይዟታል። ሦስት ዓመት ያልተኛች ሴት ሲመሽ ተኝታ ሲነጋ ትነሣለች። በር ሲንኳኳ አትነሣም። ትንሿን ድስት አጥባ ሰቅላታለች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የፊተኛው ተዝካር ሬሳ ሳይታይ የተደረገ ስለሆነ አይቆጠርም፣ ሙት ዓመቱን እንደ ገና በደንብ አወጣለታለሁ ብላ ለመምሬ ነግራለች። ሰው "በረታሽ" ይላታል፤ እውነትም በርትታለች።

ስለዚህ ልለምንህ ነው። ፎቶም ካሴትም ደብዳቤም ለእሷ አትላክ። አንድ ነገር በደረሳት ቁጥር ለአንድ ደቂቃ ፊቷ ይበራና ከዚያ እንደ ገና ትቀብርሃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አያለሁ። ዕድሜዋ እንግዲህ ስንት ቀረው? ተኝታ ትለቅ። አንተን ለእኔ ተውልኝ፤ እኔ አውቅሃለሁ፣ ይበቃሃል?

እንደማይበቃህ አውቃለሁ።

እህትህ

*

ሮተርዳም
መስከረም 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን አደረሳችሁ። ቆይቼ መጻፌ ተቀይሜሽ አይደለም።

"ምን ወሰንክ?" ብለሽ በሽባባው አፍ ጠይቀሽኛል። እንደጠየቅሽኝ ይሆናል። ይህን የምልሽ ግን ስለለመንሽኝ ብቻ አይደለም።

ፊልሙ ባለፈው ሳምንት አምስተርዳም ተመረቀ። ጋዜጦቹ ወደውታል፤ አንዱ ስለ መብራቱ ብቻ አንድ ሙሉ ዓምድ ጽፏል። ያፕ ከፊት ከተጋበዙት ጋር ተቀመጥ አለኝ፤ እኔ ግን ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ። መትከያው ላይ የተኛሁበት ሲመጣ ሸራው የቤት ግድግዳ ያህላል። ያን ያልኩሽን የጎን መብራት እጠብቅ ነበር። መብራቱ አልታየኝም። ዝናቡ የሚወርድበት ፊት የሞተ ሰው ፊት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሆላንዳዊት አሮጊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ራሴ፣ በሁለት እግሬ ትራም ተሳፍሬ የመጣሁት ሰው፣ "ምስኪን" አልኩ። እማዬ አልተሳሳተችም፤ ያን ፊት ያየች እናት ሌላ ምን ልታምን ነው?

ዘ ሄግ ካሉት ተማሪዎች ሁለቱ መጥተው ነበር። ስንወጣ አንደኛው ትክ ብሎ አየኝና አለፈኝ። አላወቀኝም።

የጽዳቱን ሥራ ተመልሼ ይዣለሁ። ያፕ ለሚቀጥለው ፊልም ጠርቶኝ ነበር፤ ተውኝ አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የፊተኛው ሙት ዓመቴ ሳላውቀው አልፏል፤ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እማዬ ለመምሬ የትኛውን ቀን እንደነገረቻቸው ጠይቂና ጻፊልኝ፤ ያን ቀን ሥራ አልገባም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ደግሞ ከአንድ ወር በፊት ነው።

ወንድምሽ